ይህች ሴት ጀለስ አትልም

“ቁረጥ” አለ ዳይሬክተሩ፤ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ።

ተዋናይዋ የዘረጋችውን እጅ ሳታወርድ ቆማ ቀረች። ፊት ለፊቷ ያለው ወጣት፣ በድራማው ላይ የሰው ሻንጣ የሚሰርቀው፣ ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት ያያል። ትከሻው ግን አላስችል ብሎት ይንቀጠቀጣል። ከመብራቶቹ ጀርባ አንድ ሰው ሳል የሚመስል ነገር አሰማ፤ ሌላው ሳሉን ተቀበለው።

“አንዴ እንድገመው” አለች።

መጋዘን ውስጥ በጣውላና በቆርቆሮ የተሠራው የውሸት መናኸሪያ ከእውነተኛው አይለይም። የትኬት መስኮቱን ያቆሸሹት ቀለም ቀቢዎች ናቸው። ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ማስታወቂያዎችም ትናንት ታትመው፣ ትናንት ተቀድደው የተለጠፉ ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እሷ ራሷ ትመስላለች። የደበዘዘ ሹራብ፣ ባለ ሁለት ኪስ ሽርጥ፣ ወደ ኋላ የታሰረ ሻሽ፣ ተረከዙ የተረገጠ ጫማ። አፏን እስክትከፍት ድረስ መናኸሪያ ውስጥ ዕድሜ ልኳን ሻይ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት።

ካሜራው እንደገና መቅረጽ ጀመረ። ወጣቱ የሰው ሻንጣ አንጠልጥሎ መጣ። መንገዱን ዘጋችበትና፣

“ጀለስ፣ ጨላ ከሌለህ ላሽ በል። እዚህ ወፍ የለም” አለች።

አንድም ፊደል አልጎደለም፤ ጥፋቱም እሱ ነበር። የ“ጀለስ” የመጨረሻዋ “ስ” ሳትቀር አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ እንዲሰማት ሆና ጥርት ብላ ወጣች። “ላሽ በል” ያለችበት ድምፅ ንግሥት መልእክተኛ የምታሰናብትበት ድምፅ ነበር። ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ ንግሥት ሆናለች፣ የንጉሥ እናት ሆናለች፣ ልጇን ለጦርነት የምትሸኝ እመቤት ሆናለች። ያ ሁሉ አሁን በጀለስና በጨላ መሀል እየገባ ያስቃል።

ዳይሬክተሩ በዚህኛው ጊዜ “ቁረጥ” እንኳ አላለም። ሠራተኞቹን ምሳ ብሉ ብሎ አሰናበተና እሷን ወደ ሜካፕ ክፍሉ ጠራት።

ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ድራማውን የጻፈውም እሱ ነው። ሰው አክባሪ ልጅ ስለሆነ ክፉ ነገር ሲናገር ወንበር ስቦ ይቀመጣል። አሁንም ወንበር ሳበ። ሦስት ክፍል በቴሌቪዥን እንደተላለፈ፣ ሰዉ ስለ ታሪኩ ሳይሆን ስለሷ አነጋገር ብቻ እንደሚያወራ፣ አንድ የማይታወቅ ሰው ንግግሮቿን ቆራርጦ ገጣጥሞ በስልክ እንደለቀቀውና አገር ምድሩ እየተቀባበለ እንደሚስቅበት ነገራት። ይህን ታውቀዋለች። ልጇ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት መጥታ ከነጫማዋ አልጋ ውስጥ ገብታ ተሸፋፍና ነበር። ክፍል ውስጥ “የጀለስ ልጅ” ይሏታል።

ልጅቷ አልሞከረችም ማለት አይቻልም። ሦስት ቀን ሙሉ ከእራት በኋላ ወጥ ቤት ቁጭ አድርጋ እናቷን አስተምራለች። “እማዬ፣ አትወርውሪው፤ ጣል አድርጊው” ትላታለች። “እማዬ፣ ዜና እያነበብሽ እኮ ነው።” መጀመሪያ ላይ ሁለቱም በሳቅ ሲንፈራፈሩ አመሹ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ መሳቅ ተወች።

“እርስዎን ማጣት አንፈልግም” አለ ዳይሬክተሩ። “ፊትዎ ልክ ነው። አረማመድዎ፣ አቀማመጥዎ፣ ሁሉ ነገር ልክ ነው። ድምፁን ብቻ ነው።”

“ድምፁን ምን?”

“እንተካዋለን።”

የድምፅ ባለሙያው አንዲት ልጅ አግኝቷል። አውቶቡስ ላይ ረዳት ሆና የምትሠራ፣ አፏ እንደ ምላጭ የሆነ ልጅ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች። ተዋናይዋ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ልጅቷ ከኋላ ትናገራለች። ማንም አያውቅም አላት። እንዲህ ያለ ሥራ በየአገሩ የተለመደ ነው አላት። ሌላም ብዙ ነገር አላት፤ እሷ ግን “እንተካዋለን” ላይ ቀርታለች።

መልኳ ቆንጆ ነው ተብሎ አያውቅም። በወጣትነቷም ቢሆን የተመረጠችው በድምፅዋ ነው። ታክሲ ውስጥ ሂሳብ ስትከፍል ሰው ዞር ብሎ “አንቺ ነሽ እንዴ?” የሚላት ድምፅዋን ሰምቶ ነው። ቴአትር ቤቱ ከተዘጋና የስብሰባ አዳራሽ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። የሬዲዮ ድራማው ከዚያ በፊት ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የኖረችው የሰው ሠርግና የምርቃት ፕሮግራም እየመራች ነው፤ እሱም በድምፅዋ። የልጇ አባት ከሄደ ቆይቷል። ይህ ድራማ አርባ ክፍል ነው ሲሏት ጓዳ ገብታ ብቻዋን እንደ ሕፃን ዘልላለች።

“እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ ስጠኝ” አለችው።

“የት ሊሄዱ ነው?”

“ልምምድ።”

ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወጣች።

ዳይሬክተሩ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ለዚህ ሥራ ሲያነጋግራት፣ መናኸሪያ አካባቢ ያለውን ኑሮ ያውቁታል ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር። “ሳልፍ በመኪና መስኮት አይቼው እንደሆነ እንጂ አላውቀውም፤ ግን አጠናዋለሁ” አለችው። የተወለደችው ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ ነው። እናቷ በአውቶቡስ መስኮት ሥር እየሮጠች የተቀቀለ እንቁላል ትሸጥ ነበር። እናትየው እግሯን ሲያማት ታላቅ እህቷ ከአምስተኛ ክፍል ወጥታ የእናቷን ቅርጫት ተሸከመች። በዚያ ቅርጫት ነው ታናሽየዋ ተምራ ትልቅ ትምህርት ቤት የገባችው።

የተውኔት ትምህርት በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ በተማሪ ፊት “ይህን የመናኸሪያ አፍሽን አጥበሽ ነይ” አላት። አጠበችው። እርሳስ በጥርሷ ነክሳ ጋዜጣ ጮክ ብላ ስታነብ ከረመች። በዓመቱ የማን ልጅ ነሽ ሲሏት የአስተማሪ ልጅ ነኝ ማለት ጀመረች። በተናገረችው ቁጥር እውነት እየመሰላት ሄደ።

ከስምንት ዓመት በፊት ሽልማት በተሰጣት ቀን እህቷ ሳትጠራ መጣች። ያላትን ጥሩ ልብስ ለብሳ፣ አበባ ገዝታ፣ ከአዳራሹ በር ላይ ስትጠብቃት ቆየች። ተዋናይዋ ከትልልቅ ሰዎች ጋር እያወራች ወጣች። ከመካከላቸው አንደኛው “እኚህ ማን ናቸው?” አለ። እሷም ፈገግ ብላ “የሰፈራችን ሰው ናት” አለች። እህቷ ለአፍታ አየቻት። ከዚያ “አዎ፣ ጎረቤት ነኝ” አለችና አበባውን ለሰውየው አስይዛው ሄደች። ከዚያን ቀን ወዲህ ተያይተው አያውቁም።

አውቶቡሱ ውስጥ ማንም አላወቃትም። ረዳቱ “ማዘር፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በይ” ብሎ በክርኑ ገፋ አደረጋት። ከፊቷ ሁለት ወጣቶች ቆመው ያወራሉ። ጆሮዋን ቀስራ አዳመጠች። አንደኛው በወሬው መሀል “ጀለስ” ሲል ልታመልጣት ምንም አልቀራት። ቃሉ ከትንፋሹ ጋር ወጥቶ ከትንፋሹ ጋር ጠፋ። ተዋናይዋ ከንፈሯን አንቀሳቅሳ በልቧ ደገመችው። በልቧ ውስጥ እንኳ “ስ”ዋ ጎልታ ተሰማቻት።

እህቷ የምትሠራበት የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ከእውነተኛው መናኸሪያ በር በስተግራ ነው። አንዲት ሰፊ መስኮት፣ ከኋላዋ እስከ ጣሪያ የሚደርሱ የብረት መደርደሪያዎች፣ በየሻንጣው ላይ የተንጠለጠለ ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ። እህቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መዝገብ ላይ ትጽፋለች። ስልሳ አልፏታል። መነጽሯ አንዱ ክንፉ በክር ታስሯል። የደበዘዘ ሹራብና ባለ ሁለት ኪስ ሽርጥ ለብሳለች።

“ዕቃ ነው?” አለች ቀና ሳትል።

ከዚያ ቀና አለች። ዓይኗ ከሻሹ ጀምሮ እስከ ጫማው ወረደ፤ ተመልሶ ወጣ። ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም።

“ጫማው ልክ ነው” አለች። “ሽርጡ ግን አዲስ ነው። በሻይ ነክረው ነው ያስረጁት።”

“እትዬ።”

“ግቢ፣ መንገድ ዘጋሽ።”

ተዋናይዋ በጎን በር ገብታ ሻንጣ ላይ ተቀመጠች። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ስታስበው እግሯ ላይ የምትወድቅ ይመስላት ነበር። አሁን ጉልበቷ የታጠፈው ለመቀመጥ ብቻ ነው። ድራማውን አይታው እንደሆነ ጠየቀቻት። እህቷ ተሳፋሪ የሚጠብቅበት ክፍል ቴሌቪዥን እንዳለው፣ ሾፌሩም ተሳፋሪውም እዚያ እንደሚያይ ነገረቻት።

“አንቺ ስትመጪ ድምፁን ይጨምሩታል” አለች። ተዋናይዋ ቀና ስትል “ለመሳቅ” ብላ ጨረሰችው።

“እህቴ ናት ብለሻቸዋል?”

“ጎረቤቴ ነበረች ብያቸዋለሁ።”

በዚህ መሀል አንድ ወጣት መስኮቱ ላይ ተደግፎ ጥቁሯን ቦርሳ ስጪኝ አለ። ቁጥሩን ስትጠይቀው ጠፋብኝ አለ። ውስጧ ምን እንዳለ ስትጠይቀው ልብስ አለ። የምን ልብስ ስትለው ሳቅ እያለ፣ “አቦ ማዘር፣ የኔ ልብስ ነዋ። መኪናው ሊወጣብኝ ነው” አለ።

እህቷ መነጽሯን አውልቃ በሽርጧ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ከዚያ ሰው እንዳይሰማበት እንደምትጠነቀቅለት ሁሉ ጠጋ ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

“ልጄ፣ ነቄ ነኝ። ሂድ” አለችው።

ልጁ ማጅራቱን አከክ አድርጎ “ይመችሽ፣ ማዘር” አለና በሰው መሀል ገብቶ ጠፋ። ማንም አልተሰደበም፤ ማንም አልዞረም። እህቷ ወደ መዝገቧ ተመለሰች።

ተዋናይዋ ጧት አሥራ ሁለት ጊዜ የወደቀችበት ነገር ይኸው ዓይኗ ሥር በአንድ ትንፋሽ ተሠርቶ አለቀ። ከሽርጧ ኪስ ንግግሯ የተጻፈበትን የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ሁሉንም ነገር ዘረገፈችላት፤ ዘጠኝ ሰዓትን፣ ረዳቷን ልጅ፣ ድምፅዋን ሊተኩት መሆኑን፣ ልጇን ትምህርት ቤት ምን እንደሚሏት። እህቷ ወረቀቱን ተቀብላ ራቅ አድርጋ፣ ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች፣ አፏን እያንቀሳቀሰች አነበበችው።

“ማነው የጻፈው?”

“ዳይሬክተሩ። ወጣት ልጅ ነው።”

“የሱ ቃል ነዋ። የኔ አይደለም።” ወረቀቱን መለሰችላት። “እኔን የሚያክል ሰው ሌባ ልጅ ‘ጀለስ’ አይለውም። ጀለስ እኩያ ነው። ልጁ ይበለኝ፤ እሱም ደፍሮ አይለኝም። እኔ ካልኩት ግን ሙድ ይይዝብኛል፤ የዚያኑ ቀን ቦርሳዋን ወስዶ ይሄዳል። እኔ ልጄ ነው የምለው። አንዲት ቃል ከነሱ እወስዳለሁ፣ እንዳወቅኩበት እንዲያውቅ ያህል። እሷው ትበቃለች።”

“አውቃለሁ” አለች ተዋናይዋ።

ሳታስበው ነው ያመለጣት።

“ገና ያነበብኩት ቀን አውቄዋለሁ። እማዬ እንዲህ አትልም ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?”

“ከየት አወቁት ቢለኝስ?”

ውጭ አንድ አውቶቡስ ጥሩንባውን እየነፋ ወደ ኋላ ይወጣል። ተዋናይዋ አሁን ነው አለች በልቧ። አሁን ካልተናገረች መቼም አትናገርም። ተነሣች።

“እትዬ፣ ያን ቀን የፈጸምኩብሽ በደል ስምንት ዓመት ሙሉ ሕሊናዬን ሲያቃጥለው ኖሯል። ይቅርታሽን ለመለመን እንኳ ብቁ አይደለሁም።”

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የነሣት ነገር ይኸው ነው። ድምፅዋ ግን ከደረቷ ተነሥቶ፣ ሞልቶ፣ ክብ ሆኖ ወጣ። ዝምታው በቦታው ገባ። እንባው እንኳ ሳይዘገይ፣ ሳይቸኩል መጣ። መስኮቱ ጋ ወረፋ የያዙ አንዲት ሴትዮ ወሬያቸውን አቋርጠው ማየት ጀመሩ።

እህቷ ትኩር ብላ አየቻት።

“ይሄንንስ ማን ጻፈልሽ?” አለቻት።

ለማሾፍ አልነበረም። ከልቧ ነው የጠየቀችው።

ተዋናይዋ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ያልታሸ፣ ያልተቀረጸ ቃል ፈለገች። አጣች። የመጣላት ሁሉ አንድ ቀን የሆነ መድረክ ላይ የተናገረችው ነው። እናቷ በሞተች ቀን ራሱ ስታለቅስ ለቀስተኛው “እንዴት አድርጋ ነው የምታለቅሰው” ብሎ እንዳደነቃት ትዝ አላት። ያን ጊዜ ኮርታ ነበር።

“አብረሽኝ ነይ” አለች በመጨረሻ። “አንዴ ብቻ። ለኔ የነገርሽኝን ለነሱ ንገሪልኝ።”

“ምን ብለሽ ነው የምታስተዋውቂኝ?”

መልሱን ታውቀው ነበር። ልትለውም ነበር። ግን አንድ ትንፋሽ ዘገየች። የሜካፕ ክፍሉ፣ የካሜራ ሠራተኞቹ፣ ሳል የተቀባበሉት ሰዎች በዓይኗ አለፉ። አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ እህቷ ግን አየችው።

“ሂጂ፤ ሰዓትሽ እንዳያልፍ” አለቻት። ከዚያም ወረፋ ወደ ያዙት ሴትዮ ዞር ብላ “ዕቃ ነው?” አለች።

ስትመለስ አውቶቡሱ ጥግ ላይ ተቀመጠች። “እህቴ ናት” አለች ለራሷ። ጥሩ አልመጣም። “እህቴ ናት” አለች እንደገና፤ ዝቅ አድርጋ፣ ጣል አድርጋ፣ በትንፋሽ። በየትኛውም መንገድ ብትለው የተጠና ይመስላል። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጃገረድ ቀስ ብላ ተነሥታ ወንበር ቀየረች።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። ልጅቷ ግን ቀድማታለች። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። የሳንቲም ቦርሳዋን ከወገቧ አልፈታችም፤ ጆሮዋ ላይ ትልቅ ማዳመጫ አድርጋ በድምፅ ማጉያው ፊት ቆማለች። ሠራተኞቹ ሁሉ በቴሌቪዥኑ ዙሪያ ተሰብስበዋል። ዳይሬክተሩ ተዋናይዋን ሲያይ እጇን ይዞ ከፊት አቆማት።

የጧቱ ቀረጻ ነው። የራሷ ፊት ብቅ አለ፤ የራሷ አፍ ተከፈተ፤ ከውስጡ የሌላ ሰው ድምፅ ወጣ። “ጀለስ፣ ጨላ ከሌለህ ላሽ በል። እዚህ ወፍ የለም።” ቃላቱ ተንከባልለው፣ ተያይዘው፣ እየሳቁ ወጡ። ሰዉ አጨበጨበ። ተዋናይዋ እጇን ሳታውቀው ጉሮሮዋ ላይ አድርጋለች። ሰው ሞቶ ፎቶው ሲናገር የምታይ መሰላት። የሞተው ማን እንደሆነ ብቻ ለመለየት አልቻለችም።

“ማዘር፣ አፍሽን ትንሽ ቶሎ ብትዘጊው ቁጭ ይላል” አለቻት ልጅቷ በቅንነት።

“ይኸው” አለ ዳይሬክተሩ። “ሕይወት ዘራ።”

“ይህች ሴት ጀለስ አትልም” አለች ተዋናይዋ።

“አልገባኝም?”

“ዕድሜዋ አይደለም። ጀለስ የልጁ ቃል ነው። እሷ ልጄ ነው የምትለው። አትጮህበትምም።”

ዳይሬክተሩ ወንበር ሳበ። “ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን እርስዎ ከየት ያውቁታል?”

ለሦስት ወር ስትሸሸው የነበረው ጥያቄ መጣ። አሁን ለመዋሸት እንኳ አቅም አልነበራትም።

“እናቴ መናኸሪያ ውስጥ እንቁላል ትሸጥ ነበር። እዚያ ነው ያደግኩት። እህቴ አሁንም እዚያ ናት፣ ዕቃ ትጠብቃለች። አሁንም ከሷ ዘንድ ነው የመጣሁት።”

መሬት ተከፍታ የምትውጣት መስሏት ጠበቀች። ምንም አልሆነም። የሜካፕ ሠራተኛዋ ፎጣ ማጠፏን ቀጠለች። የአንዱ ስልክ ነዘረ። ይህን ለመደበቅ እናቷን በቁሟ ቀብራለች፣ እህቷን ክዳለች፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ጉዳዬ ያለው ሰው አልነበረም።

“እንዴ” አለ ዳይሬክተሩ። “ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ ለማስታወቂያ እንጠቀምበት ነበር።”

ቢሆንም ሰው አክባሪ ነውና አንድ ጊዜ በራሷ መንገድ እንድትሞክረው ፈቀደ። መብራቱ በራ። ወጣቱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ። መንገዱን አልዘጋችበትም፤ ጠጋ ብቻ አለችውና፣

“ልጄ፣ ነቄ ነኝ። ሂድ” አለችው።

የማንም ትከሻ አልተንቀጠቀጠም። ወጣቱ በስክሪፕቱ ላይ ሻንጣውን ይዞ የሚሮጥ ነበር፤ እጁ ግን በራሱ ላላና ሻንጣው ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ዳይሬክተሩ ቀረጻውን ሁለት ጊዜ መልሶ አየው። አገጩን እየዳበሰ ቆየ።

“ጥሩ ነው” አለ። “እውነቴን ነው፣ በጣም ጥሩ ነው።” ከዚያ ስልኩን ተመለከተ። “ግን ዝቅ ያለ ነው። ማስታወቂያ የሚሰጡን ሰዎች ጀለስን ይፈልጓታል። ሰው በሷ ሲስቅ ሲስቅ ተለምዳለች። ታዋቂ ሆናለች። አሁን ደግሞ በዚህች ልጅ ድምፅ ስትሆን ይወዷታል። ሰዓትም የለንም።”

ሁለት ገጽ ወረቀት አመጣና ጠረጴዛው ላይ አደረገላት። ድምፅዋ እንዲተካ መስማማቷን የሚገልጽ ነው። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ የገባት ይመስል ማዳመጫውን አውልቃ አንገቷን ደፋች። ተዋናይዋ ማንበብ ጀመረች። ሦስተኛው ቁጥር ላይ፣ ድምፅዋን የምትተካው ሰው ስም በድራማው መጨረሻ ላይ አይወጣም፣ ለማንም አይገለጽም ይላል።

“ለእርስዎ ክብር ብለን ነው” አለ ዳይሬክተሩ።

ጥግ ላይ የድምፅ ባለሙያው ልጅቷን ያስጠነቅቃታል፤ ሰው እዚህ ምን ትሠሪያለሽ ካለሽ የተዋንያን ልብስ እተኩሳለሁ በይ ይላታል።

“እሺ፣ ምን ቸገረኝ” አለች ልጅቷ። የሳንቲም ቦርሳዋን ወደ ጎን አዞረች፣ መልሳ ወደ ፊት አመጣች። “ለማዘሬ ብቻ ስሜ በቲቪ ይወጣል ብያት ነበር። ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች።” ሳቅ አለች። “ቀልዴን ነው እላታለሁ።”

ተዋናይዋ ብዕሩን አነሣች። ካልፈረመች ነገ በቦታዋ ሌላ ፊት ይቆማል፤ ለሷ የቀረ ሌላ በር የለም። ልጇ ዘንድሮ ትምህርት ትጨርሳለች። ከፈረመች ደግሞ ሁሉም ነገር ተሸፍኖ ይቀራል። ሰው “በስተመጨረሻ ተሻሻለች፣ አፏ ተፈታ” ይላል። መንገድ ላይ አስቁመው ጀለስ በይልን ይሏታል። እሷም ፈገግ ብላ ማለፍ ነው።

ሁለተኛውን ገጽ ፈረመች። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሰችና ሦስተኛው ቁጥር ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር ሳበችበት።

ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። “እሱ እኮ ለእርስዎ የተጻፈ ነው። የሷ ስም ከወጣ የሚናገሩት እርስዎ እንዳልሆኑ አገር ሁሉ ያውቃል። መሳቂያ ያደርጉዎታል። ልጅዎስ ምን ትላለች?”

“አላውቅም” አለች።

ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ከተሰረዘው መስመር በላይ ባለው ክፍት ቦታ ላይ የብዕሩን ጫፍ አሳርፋ ቀና አለች።

“ነይ እስቲ” አለቻት ልጅቷን። “ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ፤ ከነአባትሽ።”